አስታማሚዋ ልዕልት ፀሐይ



በጥር 2016 ዓ.ም. ፀሐይ የምትባለው አሮጌ አውሮፕላን ከጣሊያን ወደ አገሯ መመለሷን ሁላችንም በዜና ሰምተናል። በ1928 ዓ.ም. አንድ ጀርመናዊ መሐንዲስ ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ አዲስ አበባ ላይ የሠራት፣ በወረራው ጊዜ ጣሊያኖች ወስደው ሙዚየም ያስገቧት አውሮፕላን ናት። በዚያ ሰሞን በቁጠባ ስብሰባችን ላይ ቡና እየተፈላ ሳለ ይኸው ወሬ ተነሣና አንዷ እኅታችን ስሙ ከየት መጣ ብላ ጠየቀች። እኔ የሰማይዋ ፀሐይ ትሆናለች ብዬ ነበር። በዕድሜ የሚበልጡን አንዲት እናት ግን የንጉሡ ልጅ ስም መሆኑን፣ ልጅቷ ነርስ እንደነበሩና ነቀምቴ ላይ እንደሞቱ ነገሩን። ወሬው ወዲያው ወደ ሌላ ጉዳይ ዞረ፤ የእኔ ሐሳብ ግን እዚያው ቀረ። የንጉሥ ልጅ እንዴት ነርስ ትሆናለች? ደግሞስ ከእኛው መንገድ ላይ፣ ከአምቦና ከጉደር አለፍ ብሎ፣ በሃያ ሁለት ዓመቷ እንዴት ትሞታለች?

ጥያቄው የያዘኝ ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚያው ሰሞን ሐሮ ወንጪ ያለችው እናቴ በልብ ሕመም ተኝታ ነበር። እኔ ደግሞ አምቦ ላይ የሰው ሒሳብ እየሠራሁ፣ ቅዳሜና እሑድ እሷ ዘንድ እየተመላለስኩ፣ ማስታመም ምን እንደሆነ ገና ሀ ሁ የምል ሰው ነበርኩ። ስለዚህ የልዕልቷን ታሪክ ባገኘሁት ሰዓት ሁሉ አነበብኩ። ያገኘሁትን ለእናንተ ላካፍላችሁ።

ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 2 ቀን 1912 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው በዚያን ጊዜ ገና ራስ ተፈሪ መኮንን ይባሉ ነበር፤ የንግሥት ዘውዲቱ አልጋ ወራሽ ነበሩ። እናታቸው ወይዘሮ መነን አስፋው ናቸው። ፀሐይ ለሁለቱ አራተኛ ልጅ ነበሩ፤ ተናኘወርቅ፣ አስፋ ወሰንና ዘነበወርቅ ታላቆቻቸው፣ መኮንንና ሣህለ ሥላሴ ታናሾቻቸው ናቸው። አባታቸው በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ፀሐይ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነበር።

የዚያን ዘመን የመኳንንት ሴት ልጅ ዕጣ ብዙውን ጊዜ ገና በልጅነቷ ይወሰን ነበር። ታላቅ እኅታቸው ልዕልት ዘነበወርቅ ለትግራዩ ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ተድረው መቀሌ ሄዱ፤ በ1925 ዓ.ም. እዚያው ሳሉ ገና በለጋ ዕድሜያቸው ዐረፉ። ፀሐይ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመታቸው ነበር። ከእናት ቤት ርቃ የሞተች እኅት ሐዘን በታናሽ ልብ ውስጥ ምን እንደሚያኖር እኅት የቀበርን እናውቀዋለን።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ተቋቋመ። እቴጌ መነን የበላይ ጠባቂ ሆኑ፤ ፀሐይ ደግሞ ገና አሥራ ስድስት ዓመት ሳይሞላቸው መሪው ሆኑ። ሴቶቹ ተሰብስበው ለቁስለኛ የሚሆን ፋሻ ያዘጋጁ፣ ለወታደር ልብስ ይሰፉ ነበር፤ ከመርዝ ጋዝ የሚከላከል የፊት መሸፈኛም ሠርተዋል። ጣሊያን የመርዝ ጋዝ በሕዝብ ላይ ሲያዘንብ ፀሐይ የዓለም ሴቶች እንዲደርሱልን ጥሪ አሰምተዋል። ጥሪው ጋዙን አላስቆመም። እኛ በየወሩ መዋጮ ሰብስበን፣ ደብተር ዘርግተን ስንቀመጥ አዲስ ነገር የጀመርን ይመስለን ይሆናል፤ ከእኛ በፊት ግን በዚያ ጭንቅ ቀን ክርና መርፌ ይዘው የተሰበሰቡ ሴቶች ነበሩ።

በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. መጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱና ቤተሰባቸው በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ፤ ከዚያም በኢየሩሳሌም አድርገው እንግሊዝ ገቡ። ባዝ በምትባል ከተማ ፌርፊልድ የሚባል ቤት ውስጥ የስደት ኑሮ ጀመሩ። ገንዘብ አጥሯቸው ይዘውት የወጡትን የብር ዕቃ እስከ መሸጥ ደርሰው ነበር። አገር የሌላት ልዕልት በዚያ ጊዜ ምን ልትሠራ ትችላለች? እንግዳ ተቀብላ፣ ሐዘኗን ይዛ፣ የአባቷን መመለስ ብትጠብቅ ማንም አይወቅሳትም ነበር። ፀሐይ ግን ነርስ ለመሆን ወሰኑ። ለንደን በሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1852 በተከፈተው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተማሪ ሆነው ገቡ።

ይህን ቀላል አድርገን እንዳናየው። በዚያን ጊዜ የነርስ ተማሪ የምትማረው በአብዛኛው እየሠራች ነበር። አንሶላ መቀየር፣ የሕመምተኛ ገላ ማጠብ፣ የሽንት ዕቃ መድፋት፣ ሙቀት ለክቶ መጻፍ፣ ሌሊት ተራ መጠበቅ የዕለት ሥራዋ ነው። አገራችን ይህን ሥራ እንዴት ታየው እንደነበር የሚያውቅ ያውቃል፤ የሰው ቆሻሻ የሚያነሣ ሰው በክብር አይጠራም ነበር። ውኃ ቀርቦላቸው እጃቸውን የሚታጠቡ የንጉሥ ልጅ የማያውቋቸውን የድሃ ልጆች ለማጠብ ፈቀዱ። በእርግጥ ዕድሉም ነበራቸው፤ ያን ጊዜ አገር ውስጥ በወረራ ሥር የነበረች የእሳቸው እኩያ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት በር ልትረግጥ አትችልም ነበር። ቢሆንም ዕድሉ ያላቸው ሁሉ ይህን መንገድ አልመረጡም።

በነሐሴ 1931 ዓ.ም. የሕፃናት ነርስ ሆነው ተመዘገቡ። ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። እሳቸው ግን ትምህርታቸውን አላቆሙም፤ የአዋቂዎችን ነርስነት ለመማር የጋይስ ሆስፒታል ተማሪ ሆኑ። እነዚያ ዓመታት ለንደን በሌሊት በቦምብ የምትደበደብባቸው ዓመታት ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሣ፤ ሐሳቤ ሁሉ ወደፊት ወደዚህ ስለሚመለስ ነው። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ሆስፒታሎች የታመመ ልጅ ወላጆች እንደ ልባቸው መግባት አይችሉም ነበር። የመጠየቂያ ሰዓት እጅግ የተወሰነ ነበር፤ እናት ልጇን ለነርስ አስረክባ ትሄዳለች። ይህ እንዲቀየር በመንግሥት ደረጃ ሐሳብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። በእኛ አገር ደግሞ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ያለ አስታማሚ የሚተኛ በሽተኛ የለም። አስታማሚው ምግብ ያመጣል፣ መድኃኒት ይገዛል፣ ደም ይለግሳል፣ መሬት ላይ ጋቢ ለብሶ ያድራል። እነሱ ያወቁ እጆች ነበሯቸው፤ ቤተሰብን ግን ከደጅ አስቀሩ። እኛ ቤተሰብ አለን፤ ቤተሰቡን ግን የሚያስተምረው የለም።

አገር ነፃ ከወጣ በኋላ ልዕልት ፀሐይ ሙያቸውን ይዘው ተመለሱ። ደሴ በነበረው ሆስፒታል ሕሙማንን አገለገሉ። የተመለሱባት ኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት ጦርነት የወጣች፣ ቁስለኛና ወላጅ አልባ የበዛባት፣ የሠለጠነ ነርስ የጠፋባት አገር ነበረች። ሚያዝያ 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ከወታደራዊው መኮንን ከአብይ አበበ ጋር ተጋቡ። ባለቤታቸው የወለጋ አገረ ገዥ ሆነው ስለተሾሙ ሁለቱ ወደ ነቀምቴ ሄዱ።

የነቀምቴን መንገድ እኛ እናውቀዋለን። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪ አድርጎ አምቦ ይደርሳል፤ ጉደርን ይሻገርና በባኮ በኩል ይቀጥላል። ዛሬ አስፋልት ሆኖ እንኳ ከአምቦ ነቀምቴ የሚሄድ ሰው ቀኑን ለመንገድ ይሰጣል። በ1934 ዓ.ም. ክረምት ምን ይመስል እንደነበር ጭቃ የሚያውቅ ሰው ያስበው።

ልዕልት ፀሐይ በተጋቡ በአራት ወር ውስጥ፣ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ ከጽንስ ጋር በተያያዘ የደም መፍሰስ ዐረፉ። ልጁም አልተረፈም። ሃያ ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ሁለት ወር ቀርቷቸው ነበር። አስከሬናቸው አዲስ አበባ በበዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ባረፉበት ሥፍራ ተቀበረ። የሌላውን ሕመም ለይተው የሚያውቁ፣ ለሁለት ጊዜ የነርስነት ትምህርት የተማሩ ሴት፣ የራሳቸው ቀን ሲመጣ ደማቸውን የሚያቆም ሕክምና በአጠገባቸው አልተገኘም። በየቀበሌው በወሊድ የቀበርናቸው እኅቶቻችን ዘውድ አልነበራቸውም እንጂ አሟሟታቸው አንድ ነው።

ሐዘኑ በሐዘን ብቻ አልቀረም። በስደቱ ዘመን ለኢትዮጵያ ስትሟገት የነበረችው እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት በአገሯ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመረች። ጦርነት ያደቀቀው ሕዝብ ካለው ላይ ሰጠ። ገንዘቡ ተጠራቅሞ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። ከሞታቸው እስከ መክፈቻው ዘጠኝ ዓመት ያህል ወስዷል፤ መዋጮ የምንሰበስብ ሰዎች ይህን ልብ እንበል። በሆስፒታሉ ውስጥ የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ልዕልቷ ለመማር ባሕር የተሻገሩለትን ሙያ የኢትዮጵያ ልጆች አገራቸው ላይ ሆነው ተማሩት። ሲልቪያም እ.ኤ.አ. በ1956 ኢትዮጵያ መጥታ ኖረች፤ በ1960 ስትሞት በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረች።

ባለቤታቸው አብይ አበበ በኋላ ሌተና ጄኔራል ደርሰው በከፍተኛ ሥልጣን አገለገሉ፤ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ደርግ ከገደላቸው ባለሥልጣናት አንዱ ሆኑ። ከአብዮቱ በኋላ ሆስፒታሉም ስሙ ተለውጦ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ። አዲስ አበባ ስንሄድ የታክሲ ረዳት ጦር ኃይሎች፣ ጦር ኃይሎች እያለ የሚጣራው፣ የከተማው ባቡርም በምዕራብ በኩል የሚቆመው እዚያ ሠፈር ነው። ያ ስም የመጣው ከዚህ ሆስፒታል ነው፤ ሆስፒታሉ ደግሞ የቆመው ለአንዲት ነርስ መታሰቢያ ነው።

አሁን ወደ እናቴ ልመለስ። እናቴ ለብዙ ዓመት ደም ግፊት ነበረባት፤ ራስ ምታት ነው እያልን አለፍነው። ቆይቶ ዳገት መውጣት አቃታት፣ እግሯ አበጠ፣ ሌሊት ተጋድማ መተንፈስ ተሳናት። በኅዳር 2016 ዓ.ም. ሆስፒታል አስገባናት፤ የልብ ድካም ነው ተባልን። እኔ ልብ ሊቆም ነው ማለት መስሎኝ ደነገጥኩ። ስምንት ቀን ተኝታ ወጣች። ስንወጣ በፌስታል መድኃኒትና የቀጠሮ ወረቀት ተሰጠን። የትኛው ክኒን ለምን እንደሆነ፣ ቤት ስንደርስ ምን እንደምናይ የነገረን ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም። የመድኃኒቱን ደረሰኝ ግን በጥንቃቄ አስቀመጥኩ፤ ሙያዬ ነውና።

ገና ደረሰ። እናቴ ተሽሏት ስለነበር በዓሉን እንደ ልማዷ ዋለች፤ ጨው የበዛበት ወጥ በላች። የሚያሸናውን ክኒን ሌሊት በብርድ ወደ ውጭ እያስወጣ ስላስቸገራት ትታው ነበር፤ ደህና ከሆነች ምን ያደርጋል ብለን እኛም ዝም አልን። በሳምንቱ ተቀምጣ ማደር ጀመረች። መኪና እስኪገኝ ድረስ ወንድሜ በፈረስ ደግፎ አወጣት። አምቦ ስትደርስ ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር።

በዚህኛው ጊዜ ያገኘናት ነርስ መጀመሪያ የጠየቀችው በሽታዋን አይደለም። ማን ያበስልላታል፣ ማን አጠገቧ ያድራል፣ ውኃ የሚቀዳው ማን ነው፣ ቤት ውስጥ ማንበብና መጻፍ የሚችል ማን አለ ብላ ጠየቀች። ከዚያ ሁላችንንም ጠራችን፤ ወንድሜን፣ ሚስቱን፣ ሰባተኛ ክፍል የሚማረውን ልጃቸውንና እኔን። እናቴንም መሐላችን አስቀመጠቻት። የልብ ድካም ማለት ልብ ቆመ ማለት ሳይሆን ደም የሚገፋው ፓምፕ ደከመ ማለት እንደሆነ አስረዳችን። ፓምፑ ሲደክም ውኃ ወደ ኋላ ይጠራቀማል፤ እግር ላይም፣ ሳንባ ላይም። የምንጠብቀው ያንን ውኃ ነው አለች።

ያስተማረችንን እንዲህ አድርጌ ጻፍኩት። በየማለዳው ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት እናቴ ሚዛን ላይ ትወጣለች፤ ልጁ ደብተር ላይ ይጽፋል። በሦስት ቀን ውስጥ ከሁለት ኪሎ በላይ ከጨመረች ስብ ሳይሆን ውኃ ነው፤ ሳትታፈን በፊት ወደ ሕክምና ትሄዳለች። የሚያሸናው ክኒን በጠዋት ይወሰዳል፤ ያን ጊዜ እንቅልፍ አያሳጣም። ተሻለኝ ተብሎ አይተውም፤ የተሻላት በእሱ ነውና። የቤቱ ወጥ ያለ ጨው ይሠራል፤ ጨው የሚፈልግ ከገበታው ላይ ይጨምራል። የተደለዘ በርበሬና ሽሮ ውስጥ፣ ከቆጮ ጋር በምንበላው ሚጥሚጣም ውስጥ ጨው መኖሩን አይርሱ። የምንኮራበት የአምቦ ውኃ እንኳ ሶዲየም አለበት፤ ለእሷ እንደ ተራ ውኃ አይቆጠርም። ለጉልበቷ ብላ ከመድኃኒት ቤት የምትገዛው ዲክሎፌናክ ውኃውን ይይዘዋልና ሐኪም ሳያውቅ አይወሰድም። በአንድ ትራስ የምትተኛ ሰው ሦስት ትራስ ከጠየቀች፣ እግሯን ሲጫኑት ጎድጉዶ ከቀረ፣ ያም ምልክት ነው። እንጨትና ውኃ አትሸከም፤ ነገር ግን ሙሉ ቀን አትተኛ፣ በልኳ ትንቀሳቀስ።

ይህ ሁሉ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው የፈጀው። ወንድሜ ሚዛን ገዛ። በሰኔ ወር አንድ ማለዳ የወንድሜ ልጅ ደወለልኝ፤ አያቴ በሦስት ቀን ከ54 ወደ 57 ኪሎ መጣች አለኝ። ገና አላበጠችም፣ አልታፈነችም። በዚያው ቀን አመጧት፤ መድኃኒቷ ተስተካክሎላት ሳትተኛ ተመለሰች። ደብተሩ እናቴን አላዳናትም፤ ሕመሙ አብሯት ይኖራል። ከዚያ ወዲህ ግን በፈረስ ተደግፋ አልወጣችም። እኔ ለሰው ድርጅት የእያንዳንዱን ቀን ገቢና ወጪ ስመዘግብ የእናቴን ሰውነት ገቢና ወጪ የሚመዘግበው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆነ።

ለዚህ ነው የልዕልት ፀሐይን ታሪክ ለጋዜጣችን መጻፍ የፈለግሁት። የልዕልቷን ቤተ መንግሥት እኛ የለንም። ያስተማራቸውን ሆስፒታልም እዚህ አናመጣውም። የተማሩት ነገር ግን ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ነው፤ አንሶላው፣ ሚዛኑ፣ ሰዓት ጠብቆ መስጠቱ፣ ዐይቶ መጻፉ። በእያንዳንዱ ቤታችን አስታማሚ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት፤ ሥራዋ በማንም መዝገብ አይገባም፣ የምታስተምራትም የለችም።

የማኅበራችን ሒሳብ በእጄ ነውና አንድ ነገር አውቃለሁ። ለንግድ የተወሰደ ብድር ይመለሳል፤ ለሕመም የተወሰደ ብድር ይዘገያል። የተበደረችው እኅታችን ሰነፍ ስለሆነች ሳይሆን ገንዘቡ ለመኪና ኪራይና ለአልጋ ስላለቀ ነው። ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው ይህን ሐሳብ አቀርባለሁ። በየመንደሩ ተራ የሚዞር ሦስት ሚዛን እንግዛ። በየሦስት ወሩ አንዲት ነርስ ግማሽ ቀን እንድታስተምረን አበሏን እንክፈል፤ ልብ የደከመበት፣ ደም ግፊትና ስኳር ያለበት ቤተሰብ ከነአስታማሚው ይምጣ። ወጪው በዓመት ከአንድ በሬ ዋጋ ያነሰ ነው፤ ዝርዝሩን ለስብሰባው አዘጋጅቼዋለሁ። የሚረዱን ወዳጆች ካሉም ሚዛኑን ከእነሱ፣ ትምህርቱን ከእኛ ቢሆን ጥሩ ነው እላለሁ።

ቤቷ የልብ ሕመምተኛ ያለባት እኅት ለሚቀጥለው ስብሰባ ትንገረኝ፤ እመዘግባታለሁ። ስለ ልዕልት ፀሐይ የነቀምቴ ዘመን ከአያቶቹ የሰማ ሰው ካለም ጽፎ ወይም አስጽፎ ይላክልን። ስሟ በአውሮፕላን ላይ ቀርቷል፤ ሥራዋ በቤታችን ቢቀጥል ደስ ይለኛል።

ሰላም ለሁላችን።